የአቶ ይድነቃቸው ተሰማ የሕይወት ታሪክ፤ ለአንድ ጓደኛችን ጥያቄ



ከመርሳ ወደ ወልዲያ ሲኬድ የምትገኘው ሲሪንቃ በሌላው አገር ሰው ዘንድ የምትታወቀው በእርሻ ምርምር ማዕከሏ ነው። የማሽላና የጤፍ ዘር ይሞከርባታል፤ ስሟም የሚነሣው ብዙውን ጊዜ በዚሁ ነው። በሀብሩ ያደግነው እኛ ግን ከሁሉ አስቀድመን የምናስታውሰው ማሽላው ታጭዶ አገዳው ከተነሣ በኋላ ባዶውን የሚቀረውን ማሳ ነው። በዚያ ማሳ ላይ ከአሮጌ ካልሲና ከቡትቶ በተጠቀለለ ኳስ፣ ሁለት ሁለት ድንጋይ አራርቀን ግብ አድርገን፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ ስንሯሯጥ እንውል ነበር። ከብት የጠፋበት ይቆጡታል፤ ልብሱ የተቀደደበት ይገረፋል፤ በማግሥቱ ሁሉም ተመልሶ ይመጣል።

ከዚያ ማሳ ከወጡት መካከል አንዱ ዛሬ ከእኛ ጋር የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነው። የሚጫወተው በመካከለኛው ስፍራ ነው። ከተከላካዮች ኳስ ተቀብሎ ለአጥቂዎች የሚያደርስ፣ ብዙ የሚሮጥና ጥቂት የሚጨበጨብለት ተጫዋች ነው። ባለፈው ሰሞን አንድ የእግር ኳስ ክለብ አስጠርቶ ትምህርቱን አቋርጦ ቢመጣ የሚከፈለውን ነገረው። ገንዘቡ ከእኛ መካከል ተመርቆ ሥራ የያዘ ሰው በወር ከሚያገኘው ብዙ እጥፍ ነው። ጓደኛችን ነገሩን በመኝታ ክፍላችን ዘርግቶ ምክር ጠየቀን። እኛም እንደ ተማሪ ልማዳችን ለሁለት ተከፍለን እስከ እኩለ ሌሊት ተከራከርን። ግማሾቻችን የእግር ዕድሜ አጭር ነው፣ ትምህርት ግን ከሰው ጋር ያረጃል አልን። ግማሾቻችን ደግሞ በቤቱ ያሉትን ታናናሾቹንና የአባቱን ማሳ ጥበት እያነሣን፣ የመጣለትን ሲሳይ የሚገፋ ሰው ሞኝ ነው ብለን ሞገትን። ጓደኛችን ሁለቱንም ወገን በትዕግሥት ሰማና ማንኛችንም ያላሰብነውን ጠየቀን። ጉልበት ሲደክም ከጨዋታ ለሰው የሚተርፈው ምንድን ነው ሲል ጠየቀን። ለዚህ መልስ አልነበረንም።

መልሱን በክርክር ከመፈለግ በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ መፈለግ ይሻላል ብለን ወደ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ታሪክ ሄድን። ያገኘነውን ከዚህ ቀጥለን በአጭሩ እናቀርባለን። ጥያቄው የጓደኛችን ብቻ ስላልሆነ ሌሎች ወንድሞቻችንና እኅቶቻችንም ቢያነቡት አይጎዳም።

አቶ ይድነቃቸው የተወለዱት በ1914 ዓ.ም. መስከረም 1 ቀን፣ በዕንቁጣጣሽ ዕለት፣ በጅማ ነው። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በግጥማቸው፣ በዜማቸውና በቀልዳቸው አገር ያወቃቸው ሰው ነበሩ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ ጀርመን አገር ተሻግረው የመኪና ሥራ ተምረዋል፤ በ1900 ዓ.ም. ገደማም በበርሊን ድምፃቸውን በሸክላ አስቀርጸዋል። በሸክላ ከተቀረጹት ኢትዮጵያውያን መካከል ቀዳሚ ሆነው የሚጠሩትም እርሳቸው ናቸው። እንዲህ ያለ አባት ለልጁ ይድነቃቸው የሚል ስም ሲያወጣ፣ ሰዎች እንዲደነቁ ያሰበው በምን እንደሆነ መገመት አያዳግትም። ልጁ ግን የአባታቸውን ዜማ አልተከተሉም። ሕዝብን በአንድ ቦታ ሰብስቦ ማስደሰትን ወረሱ፤ መሣሪያቸው ግን ኳስ ሆነች።

በዚያን ጊዜ በአዲስ አበባ ኳስ በአብዛኛው የሚጫወቱት የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። አርመኖች፣ ግሪኮችና ኢጣልያኖች እየተሰባሰቡ ይጫወታሉ፤ የአገሬው ልጅ ከዳር ቆሞ ያያል፣ ኳስ ስትወጣ ሮጦ ያቀብላል፤ ሲመቸውም በየሰፈሩ ይለማመዳል። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ጆርጅ ዱካስና አየለ አትናሽ የተባሉ ሁለት ወጣቶች የአራዳን ልጆች አሰባስበው አንድ ቡድን አቋቋሙ። ስሙንም በአቅራቢያቸው ካለው ቤተ ክርስቲያን ወስደው ቅዱስ ጊዮርጊስ አሉት። ወቅቱን ልብ ይሏል። የፋሺስት ኢጣልያ ጦር ድንበር ጥሶ ከገባ ጥቂት ወራት ሆኖታል፤ አባቶች ወደ ግንባር ይዘምታሉ፤ ልጆች የኳስ ማኅበር ያቋቁማሉ። ይህን ቡድን በጧቱ ከተቀላቀሉት ታዳጊዎች አንዱ የ14 ዓመቱ ይድነቃቸው ነበሩ።

ቡድኑ ገና ሳይጠና ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ጠላት አዲስ አበባ ገባ። ፋሺስቶቹ ኳሱን አልከለከሉም፤ ለራሳቸው እንዲመች አድርገው ከፋፈሉት እንጂ። ለነጭና ለጥቁር የተለየ ሰፈር፣ የተለየ መጓጓዣ እንዳወጡ ሁሉ ጨዋታውንም ለየብቻ አደረጉት። ጥቁሩ ከጥቁር ጋር ብቻ ይጫወት፣ ከነጭ ጋር አይጋጠም ተባለ። ቅዱስ ጊዮርጊስም ስሙን ተነጥቆ ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር ተባለ። ሊቶሪዮ የፋሺስቶቹ ምልክት መጠሪያ ነው፤ እንግዲህ ልጆቹ የሚጫወቱት የገዢያቸውን ምልክት በስማቸው ላይ ተሸክመው ነበር ማለት ነው። አቶ ይድነቃቸው ከ14 እስከ 19 ዓመታቸው የኖሩት በዚህ ሥርዓት ውስጥ ነው። አንድ ወጣት አቅሙን ለማሳየት በጣም በሚመኝበት ዕድሜ፣ በቆዳህ ምክንያት ከዚያኛው ቡድን ጋር መሞከር አትችልም ተብሎ ሲከለከል፣ ነገሩ ከልቡ በቀላሉ የሚወጣ አይመስለንም። በኋላ ዘመናቸው የሠሩትን ሥራ ስንመለከት ሥሩን የምናየው እዚህ ላይ ነው።

በ1933 ዓ.ም. አገሪቱ ነፃ ስትወጣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ስሙን መለሰ። ኢጣልያኖቹም ከከተማው ፈጽመው ስላልጠፉ፣ የተከለከለው ግጥሚያ የሚቻል ሆነ። ይሁን እንጂ ጨዋታ እንዲኖር ተጫዋች ብቻ አይበቃም። ሜዳ የሚያዘጋጅ፣ መርሐ ግብር የሚያወጣ፣ የሚዳኝ፣ ክስ የሚሰማ ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ እስከዚያ ቀን ድረስ በውጭ ሰዎች እጅ ነበር። በ1935 ዓ.ም. አካባቢ የስፖርት ጽሕፈት ቤትና የእግር ኳስ ፌዴሬሽን ሲቋቋም አቶ ይድነቃቸው ከመሥራቾቹ አንዱ ሆኑ። ዕድሜያቸው ገና ከ22 ዓመት አልዘለለም ነበር፤ ከእኛ ከብዙዎቻችን አይበልጡም ማለት ነው።

በዚያ ጽሕፈት ቤት ከሠሯቸው ሥራዎች አንዱ የጨዋታውን ሕግ ወደ አማርኛ መመለስ ነበር። ይህ ሥራ ለብዙ ሰው ትንሽ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን እስቲ እናስብ። ሕጉ በማያውቀው ቋንቋ የተጻፈበት ተጫዋች ዳኛው ሲያስቆመው ለምን እንደቆመ አያውቅም፤ ሲቀጣም ፍርድ ይሁን ግፍ መለየት አይችልም። ሕጉ በቋንቋው ሲጻፍለት ግን መሟገት ይችላል፤ ነገ ደግሞ ራሱ ዳኛ መሆን ይችላል። ጨዋታው የእኛ የሆነው በዚያን ጊዜ ነው ብንል አልተሳሳትንም።

የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሻምፒዮና የተደረገው በ1936 ዓ.ም. ነው። የተወዳደሩት 5 ቡድኖች ሲሆኑ እያንዳንዳቸው በአዲስ አበባ የሚኖር አንድ ወገን ይወክሉ ነበር። አራራት የአርመኖች፣ ኦሊምፒያኮስ የግሪኮች፣ ፎርቲቱዶ የኢጣልያኖች፣ አንደኛው የእንግሊዝ ወታደራዊ ተልእኮ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ የኢትዮጵያውያን ነበሩ። ዋንጫውን የወሰዱት እንግሊዞቹ ናቸው። ቅዱስ ጊዮርጊስ ለመጀመሪያ ጊዜ የአገሪቱ ሻምፒዮና የሆነው በ1942 ዓ.ም. ነው። ከ5 ቡድን አንድ ብቻ የነበረው የአገሬው ልጅ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የጨዋታው ባለቤት ሆነ።

አቶ ይድነቃቸው ለቅዱስ ጊዮርጊስ 23 ዓመት ተጫወቱ። በአጥቂነት 365 ጊዜ ተሰልፈው 318 ግብ እንዳስቆጠሩ ተመዝግቧል። ለብሔራዊ ቡድንም 15 ጊዜ ተሰልፈዋል። የብሔራዊ ቡድናችን የመጀመሪያ ግጥሚያ በ1940 ዓ.ም. ከጅቡቲ ጋር፣ በዚያን ጊዜ አጠራር ከፈረንሳይ ሶማሊላንድ ጋር፣ አዲስ አበባ ላይ የተደረገው ሲሆን ኢትዮጵያ 5 ለ 0 አሸንፋለች። በ23ቱ ዓመት ውስጥ ቡድን አልለወጡም። ኑሯቸውም በኳስ አልነበረም፤ በዚያን ጊዜ በአገራችን ኳስ ለሚጫወት ሰው እንጀራ የሚሰጥ አልነበረምና። ቀን በሥራ ገበታቸው፣ ማታ በሜዳ፣ በተረፈው ሰዓት ደግሞ በፌዴሬሽኑ ወረቀት ላይ ነበሩ።

እዚህ ላይ ጓደኛችን አቋርጦን ነበር። እነርሱ ያልተከፈላቸው የሚከፍል ስላልነበረ ነው፤ ይህን እንደ ምግባር ቆጥራችሁ አትስበኩኝ አለን። እውነቱን ነው። ድህነትን እንደ ጽድቅ አድርገን የምናወራ ከሆነ ታሪክ አላነበብንም። ስለዚህ ወደ ፊት ሄደን፣ እኚህ ሰው ምርጫ በነበራቸው ጊዜ ምን እንደመረጡ እንመልከት።

የካቲት 1 ቀን 1949 ዓ.ም. በካርቱም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ተመሠረተ። መሥራቾቹ 4 አገሮች ናቸው፤ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ። ከአፍሪካ ብዙው ክፍል ገና በቅኝ ገዢዎች እጅ ነበር። ከኢትዮጵያ በኩል የተገኙት አቶ ይድነቃቸው ናቸው። በዚያው ሰሞን የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ በአራቱ አገሮች መካከል እንዲደረግ ታስቦ ሳለ አንድ ችግር ተነሣ። የደቡብ አፍሪካው መልእክተኛ አገራቸው ልትልክ የምትችለው ሁሉም ነጭ የሆኑበትን ወይም ሁሉም ጥቁር የሆኑበትን ቡድን ብቻ እንደሆነ አስታወቁ። ተቀላቅሎ መጫወት በሕጋቸው አይፈቀድም።

አዲስ የተወለደ ማኅበር፣ አባሎቹ 4 ብቻ የሆኑ፣ አንዱን ቢያጣ ሩቡን ያጣል። ጉዳዩን በልዝብ ማለፍ ይቻል ነበር፤ ብዙ የዓለም የስፖርት ማኅበራትም በዚያን ዘመን እንዲሁ ነበር ያለፉት። የኢትዮጵያ፣ የሱዳንና የግብፅ መልእክተኞች ግን አላለፉትም። ደቡብ አፍሪካ ከውድድሩ ወጣች። በሊቶሪዮ ስም እንዲጫወቱ ተገድደው የነበሩት ሰው ያንኑ ሕግ በሌላ አገር መልክ ሲያዩት ሳያውቁት አልቀሩም።

በዚህ ምክንያት ከደቡብ አፍሪካ ጋር ልትጋጠም የነበረችው ኢትዮጵያ ሳትጫወት ለፍጻሜ አለፈች፤ በፍጻሜውም በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። አራቱንም ግብ ያስቆጠረው ኤል ዲባ የሚባለው የግብፅ አጥቂ ነው። በግንቦት 1951 ዓ.ም. በካይሮ በተደረገው ሁለተኛው ዋንጫም በግብፅ 4 ለ 0፣ በሱዳን 1 ለ 0 ተሸነፍን። በሁለት ዋንጫ 9 ግብ ገባብን፤ አንድም አላገባንም። ዛሬ የ1954ቱን ድል ስናወድስ ይህን መርሳት የለብንም።

ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ በጥር 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተደረገ። አሠልጣኙ አቶ ይድነቃቸው ነበሩ። አምበሉ ደግሞ ሉቺያኖ ቫሳሎ፣ የመካከለኛው ስፍራ ተጫዋች፣ ጓደኛችን ከሁሉ አስበልጦ የጠየቀን ሰው ናቸው። ሉቺያኖ በአሥመራ ከኤርትራዊት እናትና ከኢጣልያዊ ወታደር አባት የተወለዱ፣ እጃቸው በመካኒክነት ሥራ የጠነከረ፣ ከወንድማቸው ከኢታሎ ጋር በአንድ ቡድን የተሰለፉ ነበሩ። ከጎናቸው ወጣቱ መንግሥቱ ወርቁ ነበር። ፋሺስት በቆዳ የከፋፈለው ኳስ በዚህ ቡድን ውስጥ እንዴት እንደተቀላቀለ ልብ እንበል።

ጥር 6 ቀን ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸነፉ። ጥር 13 ቀን በፍጻሜው ከግብፅ ጋር ተገናኙ። ግብፆች በበደዊ አማካይነት ሁለት ጊዜ መሩ፤ ኢትዮጵያውያን ሁለት ጊዜ አቻ አደረጉ። መደበኛው ሰዓት 2 ለ 2 አለቀ። በጭማሪው ሰዓት ኢታሎ ሦስተኛውን፣ ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው መንግሥቱ አራተኛውን አገቡ። አምበሉ ሉቺያኖ ዋንጫውን ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበሉ። ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ያገኘችው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሉቺያኖ በኋላ በአሠልጣኝነት ሠርተው፣ በደርግ ዘመን አገራቸውን ለቀው ወደ ኢጣልያ ሄዱ፤ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያም እዚያው ዐረፉ። የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣ እጅ እንጀራውን የጋገረው በመፍቻና በግራሶ ነው። ጓደኛችን ይህን ሲሰማ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ።

አቶ ይድነቃቸው በአሠልጣኝነት ከዚያ በላይ የሚያገኙት ክብር አልነበረም። ከዚያ ወዲያ የሠሩት ሥራ በአብዛኛው በስብሰባ አዳራሽ ውስጥ ስለነበር ጭብጨባው ቀነሰ፤ ክብደቱ ግን ጨመረ። በ1956 ዓ.ም. የዓለም እግር ኳስ ፌዴሬሽን፣ ፊፋ፣ ለ1958ቱ የእንግሊዝ የዓለም ዋንጫ አፍሪካ፣ እስያና ኦሺኒያ በአንድነት አንድ ቦታ ብቻ እንዲካፈሉ ወሰነ። የአፍሪካ አሸናፊ እንኳ በቀጥታ አያልፍም፤ ከእስያ ወይም ከኦሺኒያ አሸናፊ ጋር እንደገና መጋጠም አለበት። አፍሪካ በዚያን ጊዜ በየዓመቱ አዳዲስ ነፃ አገሮች ይወለዱባት ነበር። ውሳኔውን የጋናው ኦኔ ጃንና አቶ ይድነቃቸውን የመሰሉ የአፍሪካ የስፖርት ሰዎች አጥብቀው ተቃወሙት። በመጨረሻም ለማጣሪያው የተመዘገቡት 15ቱም የአፍሪካ አገሮች፣ ኢትዮጵያ ጭምር፣ ራሳቸውን አገለሉ። ፊፋ መቀጮ ጣለባቸው። በ1958 ዓ.ም. የዓለም ዋንጫ ሲደረግ ከአፍሪካ አንድም ቡድን አልነበረም።

በዚህ ምክንያት ዕድሜያቸው ያለፈባቸው ተጫዋቾች ነበሩ። የዚያ ዘመን የጋና ቡድን የአፍሪካን ዋንጫ ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ያገኘ፣ በዓለም ፊት ቢቀርብ ምን ሊያሳይ እንደሚችል ማንም የማያውቀው ቡድን ነበር። ፍሬው የመጣው ለሌሎች ነው። ለ1962ቱ የዓለም ዋንጫ አፍሪካ የራሷን አንድ ሙሉ ቦታ አገኘች፤ ሞሮኮም ሄደች። በ1974 ዓ.ም. ቦታው ሁለት ሆኖ አልጄሪያና ካሜሩን ሄዱ፤ አልጄሪያም ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 1 አሸነፈች። የዓለም ዋንጫው ለ48 አገሮች ሲሰፋ ደግሞ ለአፍሪካ 9 ቀጥተኛ ቦታ ተመደበላት።

በ1964 ዓ.ም. በያውንዴ በተደረገው ጉባኤ አቶ ይድነቃቸው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸው ለ15 ዓመት መሩት። የዓለም አቀፍ ኦሊምፒክ ኮሚቴም አባል ነበሩ። በ1966 ዓ.ም. ብራዚላዊው ዦዋዎ አቬላንዥ እንግሊዛዊውን ሰር ስታንሊ ራውስን አሸንፈው የፊፋ ፕሬዚዳንት ሲሆኑ የአፍሪካ ድምፅ ታላቅ ድርሻ ነበረው። ራውስ ለደቡብ አፍሪካ ነጮች ማኅበር ያሳዩት የነበረው መለሳለስ በአፍሪካ ዘንድ አልተረሳም ነበርና። በሐምሌ 1968 ዓ.ም. ፊፋ ደቡብ አፍሪካን ፈጽሞ አባረረ። በካርቱም በ3 አገሮች የተጀመረው ነገር ከ19 ዓመት በኋላ የዓለም ፍርድ ሆነ።

በዚያው ወር ብዙ የአፍሪካ አገሮች፣ ኢትዮጵያ ጭምር፣ በዚሁ በደቡብ አፍሪካ ምክንያት ከሞንትሪያል ኦሊምፒክ ወጡ። ምሩፅ ይፍጠር በሙሉ ጉልበቱ ሳለ ሳይሮጥ ቀረ። በ1972 ዓ.ም. በሞስኮ ሁለት ወርቅ ማምጣቱ ልባችንን ቢያሳርፈውም፣ የሞንትሪያሉ ዕድል ግን ተመልሶ አልመጣም። ይህን ሳናነሣ የመርሕን ነገር ብናወድስ ታማኝ ጸሐፊዎች አንሆንም። መርሕ ዋጋ አለው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን ሁልጊዜ መርሑን ያወጣው ሰው አይደለም። አዳራሽ ውስጥ እጅ የሚያወጣው ሌላ፣ ጫማውን አስሮ ሜዳ ሳይገባ የሚመለሰው ሌላ ነው። ስለ አቶ ይድነቃቸው የምንለው አንድ ነገር ቢኖር፣ እርሳቸው ሁለቱንም ወገን ያውቁት እንደነበር ነው።

አሁን የጓደኛችንን ጥያቄ በቀጥታ ወደሚነካው ነገር እንመለስ። አቶ ይድነቃቸው የአፍሪካ ተጫዋቾች በገንዘብ እየተሳቡ ወደ አውሮፓ መፍለሳቸውን አጥብቀው ይቃወሙ ነበር። አህጉሪቱ ያሳደገችውን ልጅ ሌላው ከወሰደው ሜዳዋ ባዶ ይቀራል ብለው ያምኑ ነበር። ኮንፌዴሬሽኑ በ1958 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ በአፍሪካ ዋንጫ አንድ አገር ከአፍሪካ ውጭ ከሚጫወቱ ልጆቹ ከሁለት በላይ ማሰለፍ አይችልም ነበር። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ሩቅ ያለው ዝነኛ እቤት የሚደክመውን እንዳያስረሳው ነው።

እኛ በዚህ ሕግ ላይ ተከፋፍለናል። ከእኛ አንዳንዶቹ ትክክል ነበሩ ይላሉ። ዛሬ የአፍሪካ ስታዲየሞች ባዶ ሆነው የገጠር ልጅ የአውሮፓን ቡድን ማልያ ለብሶ በየሻይ ቤቱ ቴሌቪዥን ፊት ተኮልኩሎ ሲታይ፣ የፈሩት ደረሰ ይላሉ። ሌሎቻችን ደግሞ አንድ ድኻ ተጫዋች በእግሩ ያገኘውን እንጀራ መከልከል ተገቢ አይደለም፤ ከወንድሞቹ ጋር ለአገሩ እንዳይሰለፍ ማድረግም ቅጣት ነው እንላለን። ጊዜ የፈረደው ለሁለተኛው ወገን ነው። ሕጉ በ1974 ዓ.ም. እርሳቸው ገና ፕሬዚዳንት ሳሉ ተሻረ። ታላቅ ሰው በሁሉ ነገር ትክክል ነበር ማለት አያስፈልግም። መዘንጋት የሌለበት ግን፣ ሌላውን ከገንዘብ ተጠንቀቅ ሲሉ ራሳቸው ያላደረጉትን አለማስተማራቸው ነው። ንግድ ስፖርትን እንዳይገዛው ሲከራከሩ 23 ዓመት ያለ ክፍያ የተጫወቱ ሰው ሆነው ነው።

አቶ ይድነቃቸው ታመው ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዐረፉ። ዕለቱ ቡሄ ነበር፤ ልጆች በየደጁ ሆያ ሆዬ የሚጨፍሩበት፣ ጅራፍ የሚጮኽበት ቀን። በዕንቁጣጣሽ የተወለዱ በቡሄ ሄዱ። 66 ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ቀናት ብቻ ቀርቷቸው ነበር። በ1980 ዓ.ም. ካሜሩናዊው ኢሳ ሀያቱ በኮንፌዴሬሽኑ መሪነት ተተኩ።

ያላዩትን ደግሞ እንጨምር። በደቡብ አፍሪካ የዘር መድልዎ ሥርዓት እየፈረሰ ሲመጣ በ1984 ዓ.ም. አገሪቱ ወደ እግር ኳሱ ዓለም ተመለሰች። በ1988 ዓ.ም. ነጭና ጥቁር በአንድ ማልያ ተሰልፈው በአገራቸው የአፍሪካን ዋንጫ አነሡ፤ በ2002 ዓ.ም. የዓለም ዋንጫን አስተናገዱ። ኢትዮጵያ በበኩሏ ከ1974 ዓ.ም. ወዲህ ለ31 ዓመት ከአፍሪካ ዋንጫ ርቃ ቆይታ፣ በጥር 2005 ዓ.ም. ስትመለስ የተመለሰችው በዚያችው በደቡብ አፍሪካ ሜዳ ነው። በየስታዲየሙ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ለብሰው የዘመሩት ኢትዮጵያውያን የገቡበት በር ማን ዘግቶት፣ ለምን እንደዘጋውና ለምን እንደተከፈተ ስንቶቻቸው ያውቁ እንደነበር እንጃ።

እንግዲህ ወደ ጓደኛችን ጥያቄ እንመለስ። ጉልበት ሲደክም ምን ይተርፋል? ከ318ቱ ግቦች አንዱን እንኳ በዓይኑ ያየ ከመካከላችን የለም። እነዚያ ግቦች ከተመልካቾቻቸው ጋር አልፈዋል። ነገር ግን በሲሪንቃ ማሳ ላይ በቡትቶ ኳስ ስንራገጥ የምንጨቃጨቅበት ሕግ በአማርኛ ነበር። አንድ የአፍሪካ ቡድን በዓለም ዋንጫ ሲጫወት ስናይ የተቀመጠበት ወንበር ያለ ክርክር የተገኘ አይደለም። የተረፈው ይኸው ነው፤ ሌላው ሰው እንዲጫወት የተመቻቸው ሜዳ።

ጓደኛችን ይሂድ ወይም ይቅር ብለን አንፈርድም። ዘመኑ ተለውጧል፤ ኳስ ዛሬ እንጀራ ነው። በወልዲያ በጥር 2009 ዓ.ም. ከ25 ሺህ በላይ ሰው የሚይዝ ስታዲየም ተመርቆ ለሰፈራችን ልጅ ሕልሙ በዐይኑ ፊት ቆሞለታል። ቢሄድ፣ የሚፈርመውን ውል አስቀድሞ ያንብብ፤ ያልገባውን ይጠይቅ፤ ዩኒቨርሲቲው ትምህርቱን ለጊዜው ማቋረጥን የሚፈቅድበትን ደንብ ሳይዝ አይሂድ። መጽሐፉንም ከጫማው ጋር ይያዝ። ቢቀር ደግሞ ቀሪ ሆኖ አይቅር፤ ለሚቀጥሉት ልጆች ሜዳ የሚያስጠርግ፣ ዳኛ የሚያሠለጥን፣ ክስ የሚሰማ ያስፈልጋል። አቶ ይድነቃቸው ሁለቱንም ያደረጉት በአንድ ዕድሜ ውስጥ ነው፤ ጽሕፈት ቤቱን ሲያቋቁሙም ገና የእኛ እኩያ ነበሩ።

ይህን ጽሑፍ ለጓደኛችን ትናንት ማታ አነበብንለት። መልስ አልሰጠንም። ዛሬ ጧት ግን አንድ ነገር አየን። ከክፍላችን በር ጀርባ ከለጠፈው የአውሮፓ ተጫዋች ሥዕል አጠገብ፣ በእርሳስ የተጻፈ አንድ ቁጥር አለ፤ 15 የሚል። ለብሔራዊ ቡድን የተሰለፉበትን ጊዜ ይሁን፣ ከዓለም ዋንጫ የቀሩትን አገሮች ይሁን አልጠየቅነውም።